የማይቆይ አበባ፣ የተቆጠረ ህትመት፦ ከኢኬባና የተወለዱ ፎቶግራፎች የሚሸጡት በምን ሒሳብ ነው?

በጥጥ ወረቀት ላይ የታተመ አንድ ፎቶግራፍ ፊታችን አለ እንበል። በምስሉ ላይ የሚታየው ጥቂት ነገር ነው፤ ጥቁር ዝርግ ሳህን፣ ስስ የውሃ ገጽ፣ ከውሃው ተነሥቶ ወደ ግራ የጎበጠ የፕለም ቅርንጫፍ፣ ከሥሩ ሁለት የካሜሊያ አበቦች አሉ፤ የቀረው ባዶ ግድግዳ ነው። ከምስሉ በታች ባለው ነጭ ኅዳግ ላይ በእርሳስ 7/25 የሚል ቁጥር ተጽፏል፤ ከጎኑም ፊርማ አለ። የዚህ ወረቀት ዋጋ ምስሉ ከተነሣበት ካሜራ ዋጋ ሊበልጥ ይችላል፤ ያንኑ ምስል በስልክ ለማየት ግን አንድም ሳንቲም አይጠየቅም። ታዲያ ገዢው የሚከፍለው ለምኑ ነው?

መልሱን ለማግኘት ሁለት ነገሮችን ለየብቻ መረዳት ያስፈልጋል። አንደኛው ኢኬባና የሚባለው የጃፓን የአበባ አደራደር ጥበብ ሲሆን፣ ሁለተኛው በቁጥር የተወሰነ ህትመት የሚባለው የሥነ ጥበብ ገበያ አሠራር ነው። ሁለቱም ክብራቸውን የሚያገኙት ከብርቅነት ነው፤ ነገር ግን ብርቅነታቸው አንድ ዓይነት አይደለም። አበባው ብርቅ የሚሆነው ስለሚጠወልግ ነው። ህትመቱ ብርቅ የሚሆነው ግን ሠሪው «ከዚህ በላይ አላትምም» ብሎ ቃል ስለገባ ብቻ ነው። ስለዚህ ከኢኬባና የተወለደ ህትመት የሚገዛ ሰው ከምስሉ ጋር አንድ ቃል እየገዛ ነውና፣ ምስሉን ማንበብ እንደሚገባው ሁሉ ቃሉንም ማንበብ ይገባዋል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አበባን ሕያው አድርጎ ማኖር

ኢኬባና የሚለው ስያሜ «ኢኬሩ» ከሚል ግስና «ሃና» ከሚል ስም የተገጠመ ነው። ሃና አበባ ማለት ሲሆን፣ ኢኬሩ ደግሞ ሕያው አድርጎ ማኖርን ያመለክታል። ጃፓናውያን ጥበቡን ካዶ፣ ማለትም የአበባ መንገድ ብለውም ይጠሩታል፤ ይህ አጠራር ነገሩ ቤት ከማስዋብ ያለፈ፣ ዕድሜ ልክ የሚጠና ሥርዓት መሆኑን ይናገራል።

ልዩነቱ ለእኛ አገር አንባቢ ቶሎ የሚገባው ከጽጌረዳ እርሻዎቻችን አንጻር ሲታይ ይመስለኛል። ለውጭ ገበያ የሚቆረጥ ጽጌረዳ የሚመደበው በአገዳው ርዝመት ነው፤ አርባ፣ ሃምሳ፣ ስድሳ ሳንቲ ሜትር እየተባለ ይለያል፤ ቀጥ ያለው ይወደዳል፣ የጎበጠው ከመስመር ይወጣል። የኢኬባና ባለሙያ ግን ብዙ ጊዜ ዓይኑን የሚጥለው በዚያ በጎበጠው ላይ ነው፤ ምክንያቱም ጉብጠቱ ተክሉ ፀሐይን ፍለጋ ወዴት እንደዞረና ነፋስ ከየት አቅጣጫ እንደመታው ይናገራል። አንድ እቅፍ አበባ የሚደነቅበት ብዛትና ሙላት በኢኬባና ዘንድ ቦታ የለውም ማለት ይቻላል። እምቡጡ ከፈካው አበባ ባልተናነሰ ይከበራል፤ ብል የበላው ቅጠልም የወቅቱን መገባደድ የሚያሳይ ከሆነ ሆን ተብሎ ይተዋል።

የጥበቡ አንጋፋ ቤት ኢኬኖቦ ይባላል። መቀመጫው በኪዮቶ ከተማ ሮካኩዶ የተባለው ባለ ስድስት ማዕዘን የቡድሃ ቤተ መቅደስ ሲሆን፣ ስሙም በኩሬ ዳር ካለች የመነኩሴ ማረፊያ የመጣ ነው። በዚያ ያሉ ካህናት ለቡድሃ ምስል አበባ የማቅረብ ልማድ ነበራቸው፤ ከመካከላቸው ኢኬኖቦ ሴንኬይ የተባለው በ1462 የደረደረው አበባ የከተማይቱን አዋቂዎች ለማየት እንዳሽቀዳደመ በአንድ መነኩሴ የዕለት ማስታወሻ ተጽፏል። ቤቱ የጽሑፍ ታሪኩን የሚቆጥረው ከዚህ መዝገብ ጀምሮ ነው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ስልቶች ተፈራርቀዋል፤ ሪካ የተባለው ግዙፍና ክቡር ስልት ተራራና ፏፏቴ ያለበትን ሙሉ መልክዓ ምድር በአንድ ማስቀመጫ ውስጥ ሲያቆም፣ ሾካ የተባለው ደግሞ ያንን ወደ ሦስት መስመሮች ሰበሰበው። በአሥራ ዘጠነኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ኦሃራ ኡንሺን ዝርግ ሳህን የሚጠቀመውን ሞሪባና የተባለ ስልት አመጣ፤ ያኔ ወደ ጃፓን መግባት የጀመሩት አጫጭር የምዕራባውያን አበቦች የተመቻቸው በዚህ ነው። በ1927 ቴሺጋሃራ ሶፉ የመሠረተው ሶጌትሱ የተባለው ቤት ደግሞ ከአበባም አልፎ ብረት፣ ድንጋይና የደረቀ እንጨት ሁሉ ሊደረደር ይችላል ብሎ ተነሣ።

ስለዚህ ጥበብ መንፈስ ከሚነገሩ ትረካዎች ሁሉ የሻይ ሥርዓት ሊቅ የነበረው የሴን ኖ ሪኪዩ ታሪክ ይበልጣል። በአሥራ ስድስተኛው ክፍለ ዘመን የጃፓን ገዢ የነበረው ቶዮቶሚ ሂዴዮሺ የሪኪዩ አትክልት ሥፍራ አሳጋኦ በሚባለው ጧት ፈክቶ በቀትር በሚጠወልግ የሐረግ አበባ መሞላቱን ይሰማና ሊያይ ይመጣል። ሲደርስ ግቢው ባዶ ነው፤ አንድም አበባ የለም። ተቆጥቶ ወደ ሻይ ቤቱ ሲገባ በደብዛዛው ክፍል ውስጥ አንዲት አሳጋኦ ብቻዋን ተቀምጣ ያገኛል፤ ሪኪዩ የቀሩትን ሁሉ ያስቆረጣቸው ለእርሷ ሲል ነበር። ታሪኩ ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ለሌላ ምክንያትም ነው። ሪኪዩ ያደረገው ነገር ብዙውን አስወግዶ አንዱን ማስቀረት ነው፤ በቁጥር የተወሰነ ህትመት የሚያወጣ ሰውም ከዚህ ብዙ የራቀ ሥራ አይሠራም። ልዩነቱ የተቆረጡት አበቦች መልሰው የማይቀጠሉ መሆናቸው ነው።

ነፃነት የሚመስለው ይህ ጥበብ ጥብቅ ልኬት አለው። በሶጌትሱ ቤት ጀማሪ ተማሪ መጀመሪያ የሚያውቀው ሺን፣ ሶኤ እና ሂካኤ የተባሉትን ሦስት ዋና አገዳዎች ነው። የሳህኑ ስፋትና ጥልቀት ተደምሮ በአንድ ተኩል ሲባዛ የሺን ርዝመት ይገኛል፤ ሶኤ የሺን ሦስት አራተኛ፣ ሂካኤ የሶኤ ሦስት አራተኛ ይሆናሉ። ስፋቱ 30፣ ጥልቀቱ 6 ሳንቲ ሜትር የሆነ ሳህን ካለን ሺን 54፣ ሶኤ 40፣ ሂካኤ 30 ሳንቲ ሜትር ገደማ ናቸው ማለት ነው። በመሠረታዊው ቀጥ ያለ ስልት ሺን ከቋሚው መስመር በጥቂቱ ብቻ ያዘነብላል፤ ሶኤ እስከ 45 ዲግሪ፣ ሂካኤ እስከ 75 ዲግሪ ይወርዳሉ። ሦስቱንም የሚይዛቸው ኬንዛን፣ ማለትም «የሰይፍ ተራራ» የተባለ፣ የናስ መርፌዎች የቆሙበት ከባድ የብረት መቀመጫ ነው፤ ውሃው ውስጥ ተደብቆ ይቀመጣል። አገዳው የሚቆረጠውም ጫፉ ውሃ ውስጥ ተነክሮ ነው፤ አየር ላይ ከተቆረጠ የአየር ዐረፋ በውሃ መሳቢያ ሥሮቹ ውስጥ ይገባና መንገዱን ይዘጋዋል፤ አበባውም ሳይቆይ አንገቱን ይደፋል። ባለሙያው ይህን ሁሉ አድርጎ የሚያተርፈው ጥቂት ቀናት ነው።

ካሜራው ምን ይወስዳል፣ ምን ይተዋል?

ኢኬባና ከፎቶግራፍ ጋር የተገናኘው ዛሬ አይደለም። ኦጋዋ ካዙማሳ የተባለው የጃፓን ፎቶ አንሺና አታሚ በ1880ዎቹ ወደ አሜሪካ ተሻግሮ የፎቶ ህትመት ዘዴዎችን አጥንቶ ሲመለስ ኮሎታይፕ የተባለውን ዘዴ በአገሩ ሥራ ላይ አዋለ፤ በ1890ዎቹም የጃፓን አበቦችን በቀለም አትሞ ለዓለም አሳየ። እነዚያ ሎተሶችና ክሪሳንቲመሞች ከመቶ ዓመት በኋላም ዛሬ የታተሙ ይመስላሉ።

በኪዮቶ በ1887 የተመሠረተው ቤንሪዶ የተባለው ድርጅት ከ1905 ጀምሮ በኮሎታይፕ ሲያትም ቆይቶ እስካሁንም ያትማል። ዘዴው ለጉዳያችን ቁልፍ ስለሆነ በአጭሩ ልግለጸው። በመስታወት ላይ ለብርሃን ስሜት ያለው ጄላቲን ይቀባና የፎቶው ምስል ይነጠፍበታል፤ ብርሃን ያገኘው ክፍል ይጠነክራል፣ ያላገኘው ለስላሳ ሆኖ ውሃ ይመጥጣል። የህትመት ቀለም ቅባታማ ስለሆነ ከውሃ ጋር አይስማማም፤ ስለዚህ በጠነከረው ክፍል ላይ ይያዛል፣ ውሃ በመጠጠው ላይ ይንሸራተታል። ውጤቱ እንደ ጋዜጣ ፎቶ በነጠብጣብ ያልተከፋፈለ፣ ከጥቁር ወደ ነጭ እንደ ጉም የሚሳሳ ምስል ነው። ነገር ግን ጄላቲኑ በታተመበት ቁጥር ይደክማል፤ ከተወሰነ ቅጂ በኋላ ምስሉ ይላላል። የመዳብ ሰሌዳ ቅርጽ ህትመትም እንዲሁ ነበር። በእነዚህ ዘዴዎች የቅጂው ቁጥር የሚወሰነው በቁሱ አቅም ነው እንጂ በሠሪው ፈቃድ ብቻ አይደለም። የዛሬው ዲጂታል ፋይል ግን አይደክምም፤ አንድ ሺህኛው ቅጂ ከመጀመሪያው ጋር እኩል ነው። የቁጥሩ ጉዳይ ከቁስ ወደ ቃል የተሻገረው በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ ፎቶ አንሺው ሥራ ስንመለስ፣ ኢኬባና ለካሜራ የተሠራ የሚመስልበትም፣ የማይመችበትም በኩል አለው። የሚመቸው ከአንድ አቅጣጫ እንዲታይ የተደረገ በመሆኑ ነው፤ በጃፓን ቤት ቶኮኖማ በሚባለው ገባ ያለ የግድግዳ ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ተመልካቹ ፊት ለፊት ይቀመጣል፤ ካሜራም እንደዚያው አንድ ዓይን ነው። የማይመቸው ደግሞ ጥልቀቱ ነው። ደርዳሪው አንዱን አገዳ ወደ ተመልካቹ፣ ሌላውን ወደ ኋላ ያዘነብላል፤ ሁለት ዓይን ያለው ሰው ይህን ወዲያው ሲያየው፣ አንድ ዓይን ያለው ካሜራ ግን ሁሉን በአንድ ግድግዳ ላይ ይለጥፈዋል። ጥሩ ፎቶ አንሺ የጠፋውን ጥልቀት የሚመልሰው በብርሃን ነው፤ ከጎን የሚመጣ ለስላሳ የመስኮት ብርሃን የፊተኛውን ቅርንጫፍ ጥላ በኋለኛው ላይ ይጥላል፣ የአበባውን ቅጠል ውፍረት ያሳያል። ከፊት ለፊት የተተኮሰ ብልጭታ ግን ያንን ሁሉ አጥፍቶ አበባውን የመታወቂያ ፎቶ ያስመስለዋል።

ከሁሉ የሚከብደው ባዶው ቦታ ነው። ጃፓናውያን «ማ» የሚሉት በነገሮች መካከል ያለ ክፍተት፣ በኢኬባና ውስጥ እንደ አበባው ሁሉ የሥራው አካል ነው፤ ከቅርንጫፉ ጉብጠት በታች ያለው አየር ቅርጽ አለው። ክፍተቱን ሰፊ አድርጎ መተው ቀላል ነው፤ ክፍተቱ ሥራ እንዲሠራ ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። ገበያ ላይ ከሚታዩት «ከኢኬባና የተወለዱ» ከሚባሉ ህትመቶች ብዙዎቹ በእኔ ግምት የሚወድቁት እዚህ ላይ ነው፤ አንዲት ኦርኪድ በነጭ ጀርባ ላይ ማቆም ኢኬባና አያደርጋትም።

እንዴት ይለያል? እኔ መጀመሪያ የማየው ውሃው ከአገዳው የሚገናኝበትን ሥፍራ ነው። ሚዙጊዋ ይባላል፤ የውሃ ዳር ማለት ነው። በሾካ ስልት ሦስቱ አገዳዎች ከውሃው ሲወጡ እንደ አንድ ግንድ ተጠጋግተው ጥቂት ከፍ ካሉ በኋላ ነው የሚለያዩት፤ ያ ሥፍራ ንጹሕ መሆን አለበት። ፎቶ አንሺው ያንን ከፍሬም ውጭ ከቆረጠው፣ ወይም አገዳዎቹ እንደ እርሳስ በብርጭቆ ውስጥ ተበታትነው ከቆሙ፣ ሥራው ከአበባ ፎቶነት አላለፈም። ቀጥሎ ወቅቱን አያለሁ፤ የመጋቢት ቼሪ ከመከር ወር ቀይ ቅጠል ጋር አብሮ ከታየ ሠሪው አንድም ባህሉን አያውቅም፣ አንድም ሆን ብሎ እየጣሰው ነው። ሁለተኛው ከሆነ በጽሑፉ ይናገረው። አበባውን የደረደረው ማን እንደሆነ መጠየቅም ተገቢ ነው፤ ደርዳሪውና ፎቶ አንሺው ሁለት ሰዎች ከሆኑ የሁለቱም ስም ከህትመቱ ጋር በሚሰጠው ሰርተፊኬት ላይ ሊኖር ይገባል፤ የደርዳሪው ስም የሌለበት ህትመት የዜማውን ደራሲ ሳይጠቅስ እንደሚሸጥ ሙዚቃ ነው። በቶኪዮ የሚሠራው የአበባ ቅርጻ ባለሙያ አዙማ ማኮቶ ከፎቶ አንሺው ሺኢኖኪ ሹንሱኬ ጋር ለዓመታት በጋራ ሲሠራ የሁለቱም ስም አብሮ መጠራቱ ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ምንም እንኳ የአዙማ ሥራ የተጨናነቀና ከባህላዊው ኢኬባና ርቆ የሄደ ቢሆንም።

7/25 ማለት ምን ማለት ነው?

ከመስመሩ በታች ያለው ቁጥር በጠቅላላ የሚታተሙትን ቅጂዎች፣ ከላይ ያለው የዚህኛውን ቅጂ ቁጥር ያመለክታል። ብዙ ገዢዎች 1/25 ከ24/25 ይሻላል ብለው ያስባሉ። በጥንቱ የመዳብ ሰሌዳ ጊዜ ይህ ትርጉም ነበረው፤ ሰሌዳው ሳይደክም የታተመው ይጠራ ነበርና። በዲጂታል ህትመት ግን ጥራቱ አንድ ነው። ትርጉም ያለው ከዋጋው አንጻር ነው፤ ብዙ ጋለሪዎች ቅጂው እየተሸጠ ሲሄድ ዋጋውን ደረጃ በደረጃ ስለሚያሳድጉት፣ የመጨረሻዎቹ ቁጥሮች ከመጀመሪያዎቹ እጅግ ሊወደዱ ይችላሉ።

ቁጥሩ የማይናገረው ነገር ግን ከሚናገረው ይበልጣል። በመጀመሪያ ከቁጥሩ ውጭ የሚታተሙ ቅጂዎች አሉ። የሠሪው ቅጂ የሚባሉት ባለሙያው ለራሱ የሚያስቀራቸው ናቸው፤ በእነርሱ ላይ ከቁጥሩ በፊት ይህንን የሚያመለክት ምልክት ይጻፋል፤ በልማድም ከዋናው ቁጥር አንድ አሥረኛ ገደማ ይሆናሉ። እነርሱም ውለው አድረው ገበያ ይወጣሉ። ሁለተኛው፣ ከዚህ የሚከብደው፣ የመጠን ጉዳይ ነው። ይህ የፕለም ፎቶ በሦስት መጠን ወጣ እንበል፤ ትንሹ 25፣ መካከለኛው 10፣ ትልቁ 5 ቅጂ፣ በየመጠኑም ሁለት ሁለት የሠሪው ቅጂ አለ። ትልቁን የገዛው ሰው ግድግዳው ላይ 1/5 የሚል ቁጥር ሲያይ ምስሉ በዓለም ላይ አምስት ብቻ ያለ ይመስለዋል። ሲደመር ግን አርባ ስድስት ነው። ማንም አላታለለውም፤ እርሱ ግን አልጠየቀም።

ሕግም ቢሆን በዚህ ላይ አንድ ቋንቋ አይናገርም። የአውሮፓ ኅብረት የተጨማሪ እሴት ታክስ መመሪያ ፎቶግራፍን እንደ ጥበብ ሥራ የሚቆጥረው ፎቶ አንሺው ራሱ ያነሣው፣ ራሱ ያተመው ወይም በእርሱ ቁጥጥር የታተመ፣ የተፈረመበትና ቁጥር የተሰጠው ሆኖ፣ ሁሉም መጠኖች ተደምረው ከ30 ቅጂ ያልበለጠ ሲሆን ነው። ከላይ ያሰላነው ባለ አርባ ስድስት ቅጂ ምስል በዚህ ሚዛን ያልፋል ማለት ያስቸግራል። በአሜሪካ በ1990 የወጣው የእይታ ጥበብ ሠሪዎች መብት ሕግ ግን ለኤግዚቢሽን የተሠራ ፎቶግራፍ የተፈረመበትና በተከታታይ የተቆጠረ እስከሆነ ድረስ እስከ 200 ቅጂ ይፈቅዳል። በካሊፎርኒያና በኒውዮርክ ግዛቶች ደግሞ በብዛት የሚታተም የጥበብ ሥራ የሚሸጥ ነጋዴ የቅጂውን ብዛትና የአሠራሩን ዝርዝር ለገዢው በጽሑፍ እንዲገልጽ ሕግ ያስገድደዋል። በዋሽንግተን ወይም በፍራንክፈርት የምትኖር ኢትዮጵያዊት አንድን ህትመት ስትገዛ በሁለቱ ከተሞች የምትቆምበት መሬት አንድ አይደለም ማለት ነው።

ቃሉ ምን ያህል ሊለጠጥ እንደሚችል ያሳየው የዊሊያም ኤግልስተን ጉዳይ ነው። አሜሪካዊው ፎቶ አንሺ ቀደም ሲል በቁጥር ወስኖ የሸጣቸውን ምስሎች በ2012 በሌላ ዘዴና እጅግ በተለቀ መጠን እንደገና አተማቸው፤ ሠላሳ ስድስቱ ህትመቶች በክሪስቲስ ጨረታ በጠቅላላ ወደ 5.9 ሚሊዮን ዶላር አወጡ። ከእነርሱ አንዱ የታወቀው የሕፃን ባለ ሦስት እግር ብስክሌት ምስል ነበር፤ 578,500 ዶላር ተሸጠ። የዚያኑ ምስል የቀድሞ ቅጂ በ250,000 ዶላር የገዛው ሰብሳቢ ጆናታን ሶቤል ንብረቴ ዋጋ አጣ ብሎ ከሰሰ። የኒውዮርክ ፌዴራል ፍርድ ቤት በ2013 ክሱን ውድቅ አደረገው፤ አዲሱ እትም በመጠንም በዘዴም ከቀድሞው የተለየ ስለሆነ የቀድሞው ቃል አልፈረሰም በማለት ነው። ከሕግ አንጻር ትክክል ሊሆን ይችላል። የገበያውን ትምህርት ግን ሰብሳቢዎች በሚገባ ያዙት፤ ከዚያ ወዲህ ጠንቃቃ ገዢ «ሃያ አምስት ብቻ ነው» የሚለውን ሰምቶ አይረካም፤ «በየትኛውም መጠን፣ በየትኛውም ዘዴ፣ ለሁልጊዜ?» ብሎ በጽሑፍ ይጠይቃል።

ቁጥር መወሰን ለፎቶግራፍ ጥንታዊ ልማድም አይደለም። አንሴል አዳምስ በ1941 በኒው ሜክሲኮ ሄርናንዴዝ መንደር ላይ የወጣችውን ጨረቃ ያነሣበትን ፎቶ በዕድሜው ውስጥ ከአንድ ሺህ ጊዜ በላይ አትሞታል፤ ሆኖም ዛሬም በውድ ይሸጣል። በተቃራኒው ብሬት ዌስተን በ1991 ሰማንያኛ ዓመቱን ባከበረበት ቀን አብዛኞቹን ኔጌቲቮቹን እሳት ውስጥ ጨመራቸው፤ ከእኔ በቀር ማንም እንዳያትማቸው ብሎ። ፋይል ማቃጠል እንደዚያ አይቻልም፤ ቅጂው የት የት እንዳለ ባለቤቱ ራሱ ላያውቅ ይችላል።

ወረቀቱና ቀለሙ

የኢኬባና ፎቶ ከሌላው ይልቅ በወረቀት ላይ ይመረኮዛል፤ የምስሉ ገሚስ ባዶ ስለሆነ፣ ተመልካቹ በገሚሱ የሚያየው ወረቀቱን ራሱን ነው። በሚያንጸባርቅ የፎቶ ወረቀት ላይ ያ ባዶ ቦታ ብርሃን የሚመልስ ፕላስቲክ ይሆናል። ስለዚህ በዚህ ዘርፍ የሚሠሩ ባለሙያዎች አሲድ የሌለበትን ፈዛዛ የጥጥ ወረቀት ወይም ዋሺ የተባለውን የጃፓን የእጅ ወረቀት ይመርጣሉ። ዋሺ ከሚሠራባቸው ተክሎች ዋነኛው ኮዞ ነው፤ የሐር ትል ከሚመገበው ዛፍ ጋር የሚዛመድ ሲሆን፣ የቅርፊቱ ጭረት ረጅም ስለሆነ ወረቀቱ ስስ ሆኖ ሳለ በቀላሉ አይቀደድም። ዩኔስኮ በ2014 ሦስት የዋሺ አሠራሮችን በሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ መዝገብ አስፍሯል። በሺኮኩ ደሴት ቶኩሺማ ያለው አዋጋሚ የተባለ የወረቀት ፋብሪካ ደግሞ ይህንኑ ወረቀት ለዛሬው የቀለም ማተሚያ እንዲስማማ አድርጎ ይሠራዋል። ወደ ብርሃን ከፍ አድርገው ሲያዩት የኮዞው ጭረቶች እንደ ቀጫጭን ደመናዎች ይታያሉ፤ በፕለሙ ምስል ላይ ባዶው ግድግዳ ባዶ መሆኑ የሚቀረው ያኔ ነው።

ቀለሙን በተመለከተ መለየት የሚያስፈልገው በፒግመንትና በዳይ መካከል ነው። ዳይ በፈሳሹ ውስጥ ሙሉ በሙሉ የሟሟ ቀለም ነው፤ ይደምቃል፣ ግን ብርሃን ቶሎ ይበላዋል። ፒግመንት ግን ያልሟሟ ደቃቅ የቀለም ዱቄት ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ቆይቶ ብርሃንን ይቋቋማል። ጋለሪዎች ዢክሌ የሚሉት የከበረ ቃል ከ1991 ጀምሮ የተለመደ የቀለም ማተሚያ ህትመት መጠሪያ ነው፤ በራሱ የጥራት ዋስትና አይደለምና ስለ ቀለሙ ዓይነት ከመጠየቅ አያድንም። የበለጠ ለመክፈል ፈቃደኛ የሆነ የፕላቲነም ህትመትን ሊያይ ይችላል፤ ብረቱ በወረቀቱ ጭረት ውስጥ ስለሚገባና ስለማይዝግ፣ ምስሉ የሚቆየው ወረቀቱ እስከቆየ ድረስ ነው። ጥቁርና ነጭ ብቻ መሆኑ ግን ለካሜሊያው ቀይ አይሆንም።

ህትመቱ ምን ያህል ሊተልቅ እንደሚችልም ሒሳብ አለው። ስፋቱ 9,504፣ ከፍታው 6,336 ፒክሰል የሆነ ፋይል በቅርብ የሚታይ ህትመት በሚጠይቀው በአንድ ኢንች 300 ፒክሰል ሲታተም 80 በ54 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናል። ከዚያ በላይ ሲለጠጥ ከሩቅ ባይታወቅም፣ ሰው ቀርቦ የእምቡጡን ጸጉር ሊያይ ሲል ለስላሳ ጭጋግ ያገኛል። ኢኬባና ደግሞ ቀርበው የሚያዩት ነገር ነው።

ከተገዛ በኋላ ትልቁ ጠላት ብርሃን ነው፤ ጉዳቱም ይደማመራል እንጂ አያርፍም። ቤተ መዘክሮች በቀላሉ የሚጎዱ የወረቀት ሥራዎችን በ50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ ነው) ገደማ ደብዛዛ ብርሃን የሚያሳዩትና ከጥቂት ወራት በኋላ የሚያወርዷቸው ለዚህ ነው። በቤት ውስጥ ያንን ማድረግ ከባድ ይመስላል፤ ጃፓናውያን ግን ከጥንት ጀምሮ ያደርጉታል። በቶኮኖማ የሚሰቀለው የሥዕል ጥቅል ዓመቱን ሙሉ አይሰቀልም፤ ከአበባው ጋር በየወቅቱ ይለወጣል፤ የወረደውም ተጠቅልሎ ኪሪ ከሚባል ቀላል እንጨት በተሠራ ሳጥን ውስጥ ይገባል፤ እንጨቱ እርጥበትን ከመከላከሉ በላይ ብል አይወደውም። ሁለት ወይም ሦስት ህትመት ያለው ሰውም በዚሁ መንገድ ሊሄድ ይችላል። የፕለሙ ፎቶ በየካቲት ይሰቀላል፤ ግንቦት ሲገባ የአይሪስ አበባ ፎቶ ይተካውና እርሱ አሲድ በሌለበት ወረቀት ተሸፍኖ፣ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከሰርተፊኬቱ ጋር በጠፍጣፋ ሳጥን ውስጥ ይተኛል።